የአደራዋ መኪና እድፍ

ቤንዚን ነጭ መኪና ላይ ፈስሶ ወዲያው ቢጠረግ ምንም አይደለም፤ ተንኖ ይጠፋል። ሳይጠረግ አቧራ ከያዘ፣ ፀሐይ ከመታው፣ ከዚያም ስድስት ሳምንት አገዳ ሥር ከከረመ ግን ቢጫ እድፍ ይሆንና ቀለሙ ውስጥ ይገባል። ይህን የማውቀው መካኒክ ሆኜ አይደለም፤ መርሳ ከተማ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ጦርነቱ ከአካባቢያችን ፈቀቅ ባለ ሰሞን፣ ትምህርት ቤት ገና ሳይከፈት፣ ከአባቴ ጋር ግቢያችን ውስጥ ተንበርክኬ እንዲህ ያለ እድፍ ስፈገፍግ ስለሰነበትኩ ነው።

መኪናዋ የኛ ብትሆን ኖሮ ማን እድፍ ያያል? የሐጂ ነበረች። ሐጂ የምላቸው ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩትን የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው። መካ ደርሰው ከተመለሱ ወዲህ ሰፈሩ በሌላ ስም ጠርቷቸው አያውቅም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲቃረብ፣ ሐጂ ስምንት ቤተሰብ ይዘው ወደ ደሴ ለመውጣት ቆረጡ። ሰውም ዕቃውም ልጃቸው በሚነዳው አይሱዙ ላይ ተጫነ። ኮሮላዋን የሚነዳላቸው አልነበረም፤ የሳቸው ዓይን ከደከመ ቆይቷል። ስለዚህ ለአባቴ ሰጡት።

"አማና ናት፣ አደራ" አሉት። "ከአላህ በታች ላንተ ትቻታለሁ።"

አባቴ ቆቡን አወለቀ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ካልሆነ ቆቡን ሲያወልቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

አባቴ ሠላሳ ዓመት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያለ መውጫ ፈቃድ መኪና ከግቢ አውጥቶ አያውቅም። እናቴ እኔን ልትወልድ ምጥ ሲይዛት ወልድያ ያደረሳት በአውቶቡስ ነው፤ የሚነዳው ላንድክሩዘር በራችን ላይ ቆሞ ነበር። ይህን ታሪክ እናቴ እየሳቀች ታወራው ነበር፣ እኛም እየሳቅን እንሰማት ነበር። አባቴ ግን አይስቅም። በሱ ዘንድ ከሌባ ይልቅ አደራ በላ ይከፋል፤ ሌባ ቢያንስ አምኖ የሰጠው ሰው የለም ይላል።

ሐጂ በሄዱ በማግስቱ እኛም ከመርሳ ወጣን። የሄድነው ግራና ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ወዳለው የእናቴ ወንድም ቤት ነው። ኮሮላዋን አባቴ በገበሬ መንገድ እንደ እንቁላል እያንከባከበ አደረሳት። አጎቴ የከብቶቹን ዳስ ለቀቀላት። ሸራ አለበስናት፣ ከሸራው በላይ የማሽላ አገዳ ከመርንባት። አባቴ ታንከሯ ውስጥ የነበረውን ቤንዚን በጎማ ቱቦ እየሳበ በዘይት ጀሪካን አወጣና ከቤቱ ራቅ አድርጎ መሬት ውስጥ ቀበረው። ታጣቂዎች ቢያገኟት እንኳ አስነስተው እንዳይወስዷት ነው። በየቀኑ ጠዋት ተነስቶ አገዳውን ያስተካክላል። አጎቴ "ይቺ መኪና ከላሞቼ የበለጠ አያያዝ አላት" እያለ ይቀልድበት ነበር።

እናቴ ስኳር ነበረባት። ጠዋትና ማታ የምትወጋው መርፌ ይዘን ነበር የወጣነው፤ መስከረም ሳይጋመስ አለቀ። ገበያተኞች ወሬ አመጡልን። መርሳ የቀረች አንዲት ነርስ ጥቂት ብልቃጥ ኢንሱሊን እርጥብ አሸዋ በሞላው ማሰሮ ውስጥ አኑራለች አሉ። አጎቴ ብቻውን ሄዶ ለመናት። ነርሷ ግን ያለው ጥቂት ስለሆነ በሽተኛዋን በዓይኔ ሳላይ ለማንም አልሰጥም ብላ መለሰችው። አልፈርድባትም።

ከአጎቴ ቤት መርሳ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በሽተኛ ተሸክሞ በእግር ግን ከማለዳ እስከ ከሰዓት ያስኬዳል። እናቴ መደብ ላይ እንደተኛች አንዴ ብቻ፣ "መኪናዋ ትነሣ ይሆን?" አለች።

"የሰው አደራ ናት እኮ" አላት አባቴ።

"እውነትህን ነው" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ሁለተኛ አላነሳችውም።

እኔ ዝም አላልኩም። ውጪ ተከትዬው ወጥቼ ጮህኩበት። ሰው ከቆርቆሮ አይበልጥም ወይ አልኩት። አባቴ አልተቆጣም። "መንገድ ላይ ካዩን ይቀሙናል" አለኝ። "ከተቀማን ሐጂን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።" ደውለን እናስፈቅድ እንዳልለው ስልክ ከተቋረጠ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ አገሩ እንደሚያደርገው ሆነ። አጎቴ አንዴ ተጣራ፤ ጎረምሶቹ ማን ታመመ ብለው ሳይጠይቁ ገመድና አጣና ይዘው መጡ፣ ቃሬዛው ተጠፈረ፣ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ እናቴን ይዘን ወጣን።

ስምንት ሰዎች እየተፈራረቁ ተሸከሟት። አባቴ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ተው ቢሉት ተራውን አላሳለፈም። መርሳ ለመድረስ አንድ ወንዝ ሲቀረን፣ ከመሻገሪያው አጠገብ ዛፍ ሥር አሳርፈናት ውኃ ላጠጣት ጎንበስ ስል አልፋ ነበር። መቼ እንደሆነ ማናችንም አላየንም። ከእግሯ በኩል ተሸክሞ የነበረው ሰው ብቻ "ከዳገቱ ጀምሮ ከብዳኝ ነበር" አለ።

በዚያው ቃሬዛ መለስናትና የአጎቴ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ቀበርናት። በመኪና ብንሄድ ትደርስ ነበር። ብትደርስ ትድን ነበር ወይ? አላውቅም። ነርሷን ኋላ አግኝቼ ጠይቄያታለሁ፤ "እኔም አላውቅም" አለችኝ። ሐሰት ብትነግረኝ ይሻለኝ እንደነበር አሁንም አስባለሁ።

ከወር በኋላ የአጎቴ ጎረቤት የሆነች ሴት ምጥ ያዛት። ሁለት ቀን አለፋት፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት አዋላጇ እጇን አጥባ ወጣችና "ወደ መርሳ ውሰዷት" አለች። ጎረምሶቹ መጥተው ቃሬዛ መጠፈር ጀመሩ። አባቴ አጥር ሥር ተቀምጦ ነበር። የገመዱን ሲጥ ሲጥ ማለት ሲሰማ ብድግ አለ።

"ተዉት" አለ። "ፍቱት።"

አገዳውን በሁለት እጁ እያነሳ ይወረውረው ጀመር። ጀሪካኑን ቆፍረን አወጣን። የውኃ ሃይላንድ ግማሹን ቆርጠን አንገቱን ቁልቁል ገለበጥንና ታንከሩ አፍ ላይ ደገንነው። እኔ ያዝኩ፣ እሱ ቀዳ። ሠላሳ ዓመት ጠብታ ሳያፈስ ነዳጅ የቀዳ ሰው ሲሶውን በጎኗ ላይ አፈሰሰው። ልጥረገው ስል "ተይው፣ መኪናዋ ውስጥ ግቢ" ብሎ ጮኸብኝ። እኔ ግን አልገባሁም። ሴትየዋን ከባሏና ከእናቷ ጋር ጭኖ ሄደ። ማንም አላስቆማቸውም። መርሳ ደርሳ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ቀሪውን ቤንዚን እንደገና ስቦ ቀበረ፣ መኪናዋን ዳሱ ውስጥ አስገባ፣ አገዳውን መልሶ ከመረ። እኔ አጥር ሥር ቆሜ ጠበቅኩት። "ለእናቴ ያልተነሣች መኪና ለሰው ሚስት ተነሣች አይደል?" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ያህል ምግብ ሳቀርብለት እንኳ ቃል አልወጣኝም።

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ሲወጡ ወደ መርሳ ተመለስን። ቤታችን በሩ ተገንጥሏል እንጂ ቆሟል፤ ተመስገን ነው። መኪናዋን ግቢያችን አስገብተን ሸራውን ስንገፍ ነው እድፉን በደንብ ያየሁት። ከነዳጅ ክዳኑ ጀምሮ እስከ ኋላ ጎማው ድረስ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ወርዷል። አባቴ ቁጢጥ ብሎ ረጅም ጊዜ አየው። በሳምንቱ ስልክ ሲከፈት ሐጂ ደወሉ፤ ከደሴ አልፈው አዲስ አበባ ናቸው፣ ሁሉም ደኅና ነው፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ይመለሳሉ። የእናቴን መርዶ አባቴ በስልክ አልነገራቸውም። "ሲመጡ ይሰማሉ" አለኝ። ከዚያ ወደ መኪናዋ ሄደና "ይህ ሐጂ ሳይመጡ መልቀቅ አለበት" አለ።

የፈለገው ገብቶኛል። መኪናዋን ሳያስፈቅድ እንደነዳት ሐጂ እንዳያውቁ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ግማሽ ልቤ እድፉ እንዲቀር ይፈልግ ነበር። ይታይ፣ ይጠየቅ፣ ያፍር ብዬ ነበር። ቢሆንም ጨርቅ ይዤ አብሬው ተንበረከክሁ፤ ብቻውን ሲፈገፍግ ማየቱን አልቻልኩበትም።

መጀመሪያ የልብስ ዱቄት ሳሙና በሙቅ ውኃ በጠበጥን። አቧራው ለቀቀ፣ እድፉ ግን ጭራሽ ጎልቶ ታየ። በማግስቱ ሎሚ ሞከርን። ሎሚው እጄን አቃጠለኝ፣ እድፉን ምንም አላደረገውም። ከዚያ አንዲት ጎረቤታችን እንዶድ ወቅጣ አመጣችልን፤ ለነጠላ የሆነ ለነጭ መኪና አያንስም ብላ። አረፋው ደስ ይል ነበር። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብን። በአራተኛው ቀን ጥፋቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እናቴ የጠቆረ ድስት የምታነጻው በወንፊት በተነፋ አመድ ነበር፤ አመድ የማያስለቅቀው የለም ትል ነበር። አባቴም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ አመዱን በእርጥብ ጆንያ ይዤ ስፈገፍግ "በርቺ፣ እየለቀቀ ነው" አለኝ። አዎ፣ እየለቀቀ ነበር፤ የመኪናዋ የቀለም ልባስ። ውኃ ስናፈስበት መዳፍ የሚያህል ቦታ ኖራ የተቀባ ግድግዳ መስሎ ፈዟል፤ እድፉም መሐሉ ላይ አለ። ከድጡ ወደ ማጡ ገባን።

አባቴ ጆንያውን ከእጄ ወሰደና መሬት ላይ ቁጭ አለ። "አሁንስ እድፍ ብቻ አይደለም" አለ። ስንት ወር ይዤበት የቆየሁት ቁጣ እዚያው ላይ ትንሽ ለቀቀኝ። ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ።

ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ የሚሠራ አንድ ቀለም ቀቢ ነበር። ጋራዡ ተዘርፎ መሣሪያ አልቀረለትም፣ እሱ ግን በየቀኑ መጥቶ በሩ ላይ ይቀመጣል። ጠርተነው መጥቶ አየውና ራሱን ያዘ።

"በአመድ! ድስት መስሏችሁ ነው?" አለ። "ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ የዕድሜ ልክ ሹፌር!"

"ነድቼ ነው የኖርኩት፣ ቀብቼ አይደለም" አለ አባቴ።

ቀለም ቀቢው ያስተማረን ቀላል ነው፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ። መጀመሪያ ጥላ ቦታ ገፍተን አስገባናት፤ የጋለ ቆርቆሮ ላይ አይሠራም። ጨርቁ ያረጀ ከነቴራ ይሁን፣ ስፌቱና ቁልፉ ይቆረጥ፣ አሸዋ እንዳይኖርበት ሁለት ጊዜ ይታጠብ አለን። ጨርቁን በነጭ ጋዝ ነካ አድርጎ እድፉ ላይ መለጠፍ፣ እስከ ሃያ መቁጠር፣ ማንሳት። መፈግፈግ ክልክል ነው። ጨርቁ ቢጫ ሲሆን ገልብጦ በንጹሑ በኩል መድገም። ወዲያው በሳሙና ማጠብ፤ ጋዙም ራሱ ከቆየ እድፍ ነው። እሳት በአካባቢው እንዳይኖር ደግሞ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀን። እኔና አባቴ ይህን በቀን ሁለት ጊዜ ለአምስት ቀን አደረግን። እሱ ይለጥፋል፣ እኔ እቆጥራለሁ፤ አንዳንዴ እያወራን ቁጥሩ ይጠፋብኝና እንደገና እጀምራለሁ። ከእናቴ ቀብር ወዲህ ያን ያህል ቃል ተለዋውጠን አናውቅም ነበር።

ለፈዘዘው ቦታ የጥርስ ሳሙና ሰጠን። በጣት ጫፍ፣ በውኃ እያራሱ፣ ክብ ክብ እያደረጉ ማሸት ነው። ፖሊሽ የሚባለው በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ በመድኃኒትም አይገኝም ነበር። አባቴ ጧፍ አመጣ፤ ሰሙን ከክሩ ላይ ልጠን በጣሳ አድርገን ፀሐይ ላይ አለሰለስነውና ሁለት ጠብታ ጋዝ ጨምረን ቀባነው። ደርቆ ሲወለወል አበራ። እድፉ ጨርሶ አልጠፋም። ፀሐይ በአንድ በኩል ስትመታው፣ የት እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚያየው ጥላ ቀረ። ቀለም ቀቢው ከዚህ በላይ የሚያመጣው አዲስ ቀለም ብቻ ነው አለ። አባቴ አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ አየ፣ ከዚያ ስምንት እርምጃ። "ዓይናቸው ደክሟል፤ ላያዩት ይችላሉ" አለ። ይህን የሚለው አባቴ መሆኑን ማመን አቃተኝ።

ሐጂ የመጡት ጥር መጨረሻ ላይ ነው። መርዶውን ከሰፈር ሰው ሰምተው፣ ቤታቸውን እንኳ ሳያዩ በቀጥታ ወደኛ መጡ። ምርኩዛቸውን በሩ ላይ አቁመው ገቡና አባቴን አቅፈው አለቀሱ። "አላህ ሶብሩን ይስጥህ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥህ" ይላሉ። በክፍቱ በር መኪናዋ ትታያለች፤ ነጭ ሆና፣ ታጥባ። ዞረውም አላዩዋት። ተቀመጡ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ከዚያ እናቴ እንዴት እንደሞተች ጠየቁ። አባቴ ነገራቸው፤ መርፌው እንዳለቀ፣ ነርሷ እንደተገኘች፣ ወንዙ ጋ እንዳረፈች።

"በምን ይዛችኋት ነበር?" አሉ።

"በቃሬዛ።"

ሐጂ ያን ጊዜ ነው ወደ ግቢው የዞሩት። መኪናዋን አዩ፣ አባቴን አዩ።

"ተበላሽታ ነበር?"

"አልተበላሸችም።"

"ቤንዚን ጠፍቶ ነው?"

"ነበረን" አለ አባቴ። "አደራ ናት ብዬ ነው።"

ሐጂ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አንተ ሰው" አሉ፤ "እኔን ማን አድርገህ ነው የያዝኸኝ?"

መልስ ሳይጠብቁ ቀጠሉ። "ሃያ ሁለት ዓመት ጎረቤትህ ነኝ። ልጆቼ እሷን እማማ እያሉ ነው ያደጉት። የሷን ነፍስ ከቆርቆሮዬ አሳንሼ የማይ ሰው ነኝ? ይኸን ነው የምታውቀኝ?"

አባቴ ያን ጊዜ ተነሳና "ይምጡ፣ ላሳይዎት" አለ። ምጥ የያዛትን ሴት ነገራቸው፣ ቤንዚኑ እንደፈሰሰ ነገራቸው፣ ቆርጦ የተነሳ ሰው እንደሚናዘዝ ሁሉንም አንድ በአንድ አወጣው፣ አመዱን ሳይቀር። ጥላውን በጣቱ እያሳየ "እዚህ ላይ ነው" አለ። ሐጂ ጣቱን አልተከተሉም። "የተወለደችው ልጅ ደኅና ናት?" ብለው ጠየቁ። ደኅና ናት አለ። "አልሐምዱሊላህ" አሉና ምርኩዛቸውን አንስተው በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። መኪናዋን በማግስቱ ልጃቸው መጥቶ ወሰዳት።

ሐጂ ከወጡ በኋላ አባቴ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። "አንቺ ያን ጊዜ ጮኸሽብኝ ነበር" አለኝ።

"ሰው ከቆርቆሮ አይበልጥም ወይ ብዬህ ነበር።"

"እሱን ሰምቻለሁ። ሐጂ ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር ብለሽ ግን አልጠየቅሽኝም።"

አልጠየቅኩትም። ያን ያህል ስናደድበት፣ ያን ያህል ስከራከረው፣ እኔም ሐጂን ያሰብኳቸው እንደ መኪና ባለቤት ብቻ ነበር። እዚያው አጠገቡ ተቀመጥኩ። በእናቴ ነገር እስከዚያ ቀን ድረስ እሱን ብቻ ነበር የከሰስኩት።

ሐጂ አሁንም ጎረቤታችን ናቸው። ለዒድ ይጠሩናል፣ ለፋሲካ እንጠራቸዋለን፣ የነሱ በግ በነሱ ሰው እጅ ታርዶ ለብቻ ይሠራል። ሲታመሙ አባቴ ቀድሞ ይደርሳል፤ አባቴ ሲታመም እሳቸው። በሰፈሩ እንደ አባቴ የታመነ ሰው እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፣ ከሁሉም አብልጠው ደግሞ ሐጂ ያውቃሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አባቴ ዘንድ ምንም ነገር አኑረው አያውቁም። መንገድ ሲወጡ የቤታቸውን ቁልፍ የሚሰጡት ከመንገዱ ማዶ ላለው ለሻይ ቤቱ ሰውዬ ነው። አባቴ ያያል፤ ለምን ብሎ ጠይቋቸው አያውቅም።